መሠረታዊ ማባዛትን ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ማስተማር፦ ለወላጆች፣ ለአሳዳጊዎችና ለመምህራን የቀረበ መረጃ

ማባዛት በአንደኛ ደረጃ የመጀመሪያ ክፍሎች ከሚሰጡት የሒሳብ ይዘቶች መካከል ለቀጣይ ትምህርት ከፍተኛ መሠረት የሚጥል ነው። ማካፈል፣ ክፍልፋይ፣ መቶኛ፣ የስፋት ስሌት፣ ከዚያም አልፎ አልጀብራ የሚገነቡት በዚሁ ላይ ነው። በመሆኑም በታችኛው ክፍል ማባዛትን ሳይረዳ ያለፈ ተማሪ ጉድለቱ የሚገለጠው ብዙውን ጊዜ በዚያው ዓመት ሳይሆን ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ክፍልፋይና የብዙ ቤት ቁጥሮችን ማካፈል በሚማርበት ወቅት ነው። በዚያን ጊዜ ወላጅም መምህርም «ክፍልፋይ አልገባውም» ይላሉ፤ ያልገባው ግን ከዚያ በፊት የነበረው ትምህርት ሊሆን ይችላል።

በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት አንደኛ ደረጃ የሚባለው ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ያለው እርከን ሲሆን ትምህርቱም በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይሰጣል። ይህ ጽሑፍ በዚህ እርከን ለሚገኙ ሕፃናት ማባዛት በምን ቅደም ተከተል እንደሚቀርብ፣ ወላጆች በቤት ውስጥ ምን ማገዝ እንደሚችሉ፣ ልጁ ሲቸገርም ድጋፍ ከየት እንደሚጠየቅ ያብራራል። ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ወላጆችም ከዚህ በታች ከተዘረዘሩት ተግባራት አብዛኞቹን ሌላ ሰው ካነበበላቸው በኋላ ራሳቸው ሊያከናውኗቸው ይችላሉ።

1. የማባዛት ትርጉም

ማባዛት እኩል መጠን ያላቸውን ክምችቶች በአንድነት የመቁጠሪያ መንገድ ነው። በአራት ሳህን ላይ ሦስት ሦስት ብርቱካን ቢቀመጥ ጠቅላላው ብርቱካን 3 + 3 + 3 + 3 = 12 ይሆናል። አንድን ቁጥር ደጋግሞ ከመደመር ይልቅ 4 × 3 = 12 ተብሎ በአጭሩ ይጻፋል። የሚባዙት ቁጥሮች ተባዦች፣ ውጤቱ ደግሞ ብዜት ይባላል።

እዚህ ላይ ዋናው ቃል «እኩል» የሚለው ነው። በአንዱ ሳህን ሁለት፣ በሌላው አምስት ብርቱካን ቢኖር መደመር እንጂ ማባዛት አይቻልም። ሕፃኑ ይህን ልዩነት በዓይኑ አይቶ በራሱ አንደበት መናገር ከቻለ የማባዛትን ዋና ሐሳብ ይዟል ማለት ነው።

የአማርኛ ቋንቋ ለዚህ ትምህርት የሚያግዝ አነጋገር አለው። «ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ሁለት ስጥ» ሲባል ቁጥሩ የሚደገመው ድርሻው እኩል መሆኑን ለማመልከት ነው። ሕፃኑ ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት ይህን አነጋገር ይሰማል፤ ይጠቀምበታልም። ስለዚህ ትምህርቱ «×» በሚለው ምልክት ሳይሆን «ሁለት ሁለት»፣ «ሦስት ሦስት»፣ «አምስት አምስት» በሚለው የዕለት ተዕለት ንግግር ቢጀመር ለልጁ አዲስ ነገር አይሆንበትም።

2. ማባዛት ከመጀመሩ በፊት ሊታወቁ የሚገቡ ነገሮች

ተማሪው ወደ ማባዛት ከመሸጋገሩ በፊት የሚከተሉትን ማከናወን መቻሉን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

- ቢያንስ እስከ 100 ያሉትን ቁጥሮች መቁጠር፣ ማንበብና መጻፍ፤
- እስከ 20 ያሉትን ቁጥሮች ያለ ብዙ ችግር መደመርና መቀነስ፤
- በሁለት በሁለት፣ በአምስት በአምስት እና በአሥር በአሥር መቁጠር፤
- የአንድ ቤትንና የአሥር ቤትን መለየት፣ ለምሳሌ በ34 ውስጥ 3ቱ ሦስት አሥሮችን እንደሚወክል ማወቅ።

ከእነዚህ አንዱ የጎደለው ልጅ የማባዛት ሠንጠረዥ እንዲያጠና ቢገደድ ቃሉን ሊይዝ ይችል ይሆናል፤ ትርጉሙን ግን አያገኝም። እንዲህ ያለውን ልጅ ወደ ኋላ ተመልሶ ማገዝ ጊዜ ማባከን ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

3. የትምህርቱ ቅደም ተከተል

ማባዛት ለሕፃናት በሦስት ደረጃዎች ቢቀርብ ውጤታማ ይሆናል፤ ከሚዳሰስ ነገር ወደ ሥዕል፣ ከሥዕል ወደ ቁጥርና ምልክት።

*በሚዳሰሱ ነገሮች።* ጠጠር፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ቆርኪ ወይም ስንጥር ይበቃል። ልጁ ለምሳሌ 12 ጠጠር ይዞ በ3 ቦታ አራት አራት አድርጎ ይደረድራል፤ ቀጥሎም በ4 ቦታ ሦስት ሦስት፣ በ6 ቦታ ሁለት ሁለት አድርጎ ይሞክራል። በእያንዳንዱ ጊዜ «ስንት ቦታ? በየቦታው ስንት? በጠቅላላው ስንት?» የሚሉት ሦስት ጥያቄዎች ይቀርቡለታል። በቤት ውስጥ ከሦስት ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ካለ ጥራጥሬው ወደ አፉ እንዳይገባ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

*በሥዕል።* ልጁ ያንኑ በደብተሩ ላይ በነጥብ ይሥላል። ነጥቦቹን በረድፍና በዓምድ መደርደር ይበልጥ ይጠቅማል። 3 ረድፍ ሆኖ በእያንዳንዱ ረድፍ 5 ነጥብ ያለው ሥዕል 3 × 5ን ያሳያል። ደብተሩ በጎኑ ሲዞር ያው ሥዕል 5 ረድፍ ሆኖ በየረድፉ 3 ነጥብ ያለው ይሆናል። ነጥቦቹ አልጨመሩም፣ አልቀነሱም። በዚህ መንገድ ልጁ የተባዦች ቦታ ቢቀያየርም ብዜቱ እንደማይለወጥ በራሱ ያስተውላል።

*በቁጥርና በምልክት።* ከላይ ያሉት ሁለት ደረጃዎች ከተያዙ በኋላ 3 × 5 = 15 ተብሎ ይጻፋል። ልጁ አዲስ ጥያቄ ሲከብደው ወደ ሥዕሉ ወይም ወደ ጠጠሩ እንዲመለስ መፍቀድ ይገባል።

በንባብ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። 3 × 4 የሚለው በአማርኛ «ሦስት ሲባዛ በአራት» ተብሎም «ሦስት ጊዜ አራት» ተብሎም ይነበባል። የመጀመሪያው ሦስትን አራት ጊዜ መውሰድን፣ ሁለተኛው ደግሞ አራትን ሦስት ጊዜ መውሰድን ያመለክታል። ውጤቱ በሁለቱም 12 ነው፤ የሚሣለው ሥዕል ግን ይለያያል። መምህሩ በአንዱ፣ ወላጁ በሌላው ቢያስረዱት ጀማሪ ተማሪ ግራ ሊጋባ ይችላል። ስለዚህ ወላጆች በልጁ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ያለውን አነባበብ እንዲከተሉ ይመከራል።

4. የማባዛት ሠንጠረዥን በቃል መያዝ

ሠንጠረዡን በቃል ማወቅ አስፈላጊ ነው። 7 × 8ን በየጊዜው እየደመረ የሚፈልግ ተማሪ 378ን በ7 ለማካፈል ሲነሣ ሐሳቡ በትንንሹ ስሌት ተወስዶ ዋናውን ሥራ ይስታል። ሆኖም በቃል መያዝ ትርጉሙን ከማወቅ በኋላ የሚመጣ እንጂ የሚቀድም አይደለም።

በብዙ ቦታ የተለመደው ሠንጠረዡን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዜማ ማስባል ነው። ዜማው ለማስታወስ ያግዛል፤ ችግሩ ግን ልጁ በቅደም ተከተሉ ላይ ብቻ መመርኮዙ ነው። እንዲህ ያጠና ልጅ 7 × 8 ስንት እንደሆነ ሲጠየቅ ከ7 × 1 ጀምሮ ካልዘለቀ መልሱን አያገኘውም። ስለዚህ ልጁ በዜማ ካጠና በኋላ ከመሐል እያወጡ፣ ቅደም ተከተሉን እያፈራረቁ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከ1 × 1 እስከ 10 × 10 ባለው ሠንጠረዥ ውስጥ 100 ጥያቄዎች አሉ። ይህ ብዛት ልጁንም ወላጁንም ያስፈራል። ነገር ግን በሥርዓት ሲታይ በእውነት መጠናት ያለበት እጅግ ያነሰ ነው።

- የተባዦች ቦታ መቀያየር ውጤት ስለማይለውጥ 3 × 7ን ያወቀ 7 × 3ንም ያውቃል። በዚህ ብቻ 100ው ጥያቄ ወደ 55 ይወርዳል።
- በ1 ማባዛት ቁጥሩን ራሱን ይሰጣል። በ10 ማባዛት ደግሞ ቁጥሩን ወደ አሥር ቤት ያሻግራል። እዚህ ላይ የአማርኛ የቁጥር ስሞች ያግዛሉ፤ ከሦስት ሠላሳ፣ ከአራት አርባ፣ ከስድስት ስድሳ፣ ከሰባት ሰባ የሚሉት ስሞች ተቀራራቢ ድምፅ አላቸው። እነዚህ ሲወጡ 36 ይቀራል።
- በ2 ማባዛት እጥፍ ማድረግ ነው፤ ልጁ ከመደመር ትምህርቱ ያውቀዋል። 28 ይቀራል።
- በ5 ማባዛት በአምስት በአምስት መቁጠር ሲሆን መልሱ ሁልጊዜ በ0 ወይም በ5 ያልቃል። 21 ይቀራል።
- በ9 ማባዛት በ10 አባዝቶ ቁጥሩን አንድ ጊዜ መቀነስ ነው። 9 × 7 ለማግኘት ከ70 ላይ 7 ሲቀነስ 63 ይሆናል። 15 ይቀራል።
- በ4 ማባዛት እጥፉን እንደገና ማጠፍ ነው። 4 × 7 ለማግኘት የ7 እጥፍ 14፣ የ14 እጥፍ 28። 10 ይቀራል።
- በ3 ማባዛት እጥፉ ላይ ቁጥሩን አንድ ጊዜ መጨመር ነው። 3 × 8 ለማግኘት 16 እና 8 ሲደመሩ 24። 6 ብቻ ይቀራሉ።

የቀሩት ስድስቱ 6 × 6 = 36፣ 6 × 7 = 42፣ 6 × 8 = 48፣ 7 × 7 = 49፣ 7 × 8 = 56 እና 8 × 8 = 64 ናቸው። ብዙ ተማሪዎች የሚሳሳቱትም በእነዚሁ ላይ ነው። እነርሱም ቢሆኑ መድረሻ መንገድ አላቸው። በ6 ለማባዛት በ5 አባዝቶ ቁጥሩን አንድ ጊዜ መጨመር ነው፤ 6 × 7 ማለት 35 እና 7፣ ማለትም 42 ነው። 7 × 7 ደግሞ 35 እና 14፣ በድምሩ 49 ይሆናል። በ8 ለማባዛት የ4ቱን ብዜት ማጠፍ ነው፤ 4 × 7 = 28 ስለሆነ 8 × 7 = 56 ይሆናል።

ይህን ቅደም ተከተል የሚከተል ልጅ ሠንጠረዡን ከ1 እስከ 10 በተራ ሳይሆን ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይማራል፤ 1፣ 10፣ 2፣ 5፣ ከዚያም 9፣ 4፣ 3፣ በመጨረሻም 6፣ 7፣ 8። አንድ መልስ ቢጠፋበትም ከሚያውቀው ተነሥቶ ወደማያውቀው መድረስ ይችላል፤ በዜማ ብቻ የያዘው ግን ቃሉ ከጠፋበት ሌላ መንገድ የለውም። በመማሪያ መጽሐፉ ያለው ቅደም ተከተል የተለየ ከሆነ በክፍል ውስጥ የመጽሐፉን መከተል፣ በቤት ውስጥ ደግሞ ይህን ለመከለሻ መጠቀም ይቻላል።

5. በቤት ውስጥ የሚሰጥ ድጋፍ

በሳምንት አንድ ቀን ለሰዓታት ከማስጠናት ይልቅ በየቀኑ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ መለማመድ የተሻለ ውጤት ያስገኛል። በአንድ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት አዲስ ጥያቄ በቂ ነው፤ ትናንት የተያዘውም ዛሬ ይጠየቃል። ልጁ መልሱን ሳያይ ከራሱ እንዲያወጣ ማድረግ ደጋግሞ ከማንበብ ይበልጥ እንዲያስታውስ ያግዘዋል።

ለዚህ የሚሆኑ አጋጣሚዎች በማንኛውም ቤት ይገኛሉ።

- *እንቁላል።* በ5 ረድፍ ስድስት ስድስት እንቁላል የሚይዘው ካርቶን 5 × 6 = 30ን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ሁለት ረድፍ ሲነሣለት ስንት እንደቀረ መጠየቅ ይቻላል።
- *ጥማድ በሬ።* በገጠር አንድ ጥማድ ሁለት በሬ ነው። «ሰባት ጥማድ ቢጠመድ ስንት በሬ? ስንት እግር?» የሚለው ጥያቄ በ2 እና በ4 ማባዛትን ያለማምዳል።
- *ገንዘብ።* የአምስት ብርና የአሥር ብር ኖቶች በ5 እና በ10 ለማባዛት፣ 25 ሳንቲም ደግሞ አራቱ አንድ ብር መሆኑን ለማሳየት ይጠቅማሉ።
- *ገበጣ።* ከታወቁት የገበጣ ዓይነቶች አንዱ ሁለት ረድፍ፣ በየረድፉ ስድስት ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱም አራት አራት ጠጠር ያለው ነው። ልጁ ጉድጓዶቹ 2 × 6 = 12፣ ጠጠሮቹ ደግሞ 12 × 4 = 48 መሆናቸውን ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ሊያሰላ ይችላል።
- *የቀን አቆጣጠር።* ሳምንት ሰባት ቀን ስለሆነ «ከሦስት ሳምንት በኋላ» ማለት 3 × 7 = 21 ቀን ነው። ከፍ ላሉት ልጆች 12 ወራት በሠላሳ ሠላሳ ቀን 360 እንደሚሆኑ፣ የጳጉሜን 5 ቀን ሲጨመር ዓመቱ 365 እንደሚሞላ ማሳየት ይቻላል።

ትምህርት ቤት ያልገቡ ወላጆች «እኔ ምን አውቄ ላስተምረው?» በማለት ሲቆጠቡ ይታያል። ነገር ግን በገበያ የሚሸጥና የሚሸምት ሁሉ ያባዛል። አንዱን እንቁላል በ15 ብር የምትሸጥ እናት የሰባቱን ዋጋ ለማወቅ ሰባት አሥር 70፣ ሰባት አምስት 35፣ በድምሩ 105 ብር ብላ ታሰላለች። ልጇ በመማሪያ መጽሐፍ የሚማረው ትልቁን ቁጥር ከፍሎ የማባዛት ዘዴም ይኸው ነው። ስሌቷን ልጁ እየሰማ ጮክ ብላ ብታከናውን ትልቅ ትምህርት ሰጠችው ማለት ነው።

6. ተደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶችና መፍትሔዎቻቸው

*ማባዛትን ከመደመር ጋር ማምታታት።* ልጁ 3 × 4ን 7 ብሎ ሲመልስ ምልክቶቹን ብቻ ሳይሆን ትርጉሙንም አልለየ ይሆናል። በጠጠር «ሦስት ቦታ አራት አራት» እያለ እንዲደረድር ማድረግ ይበጃል።

*ዜሮና አንድን ማምታታት።* 5 × 0 = 5 የሚሉ ተማሪዎች ብዙ ናቸው። አምስት ባዶ ሳህን አስቀምጦ «በአምስቱ ሳህን ላይ ያለው ብርቱካን ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ መልሱን ራሱ ያመጣዋል።

*በዝላይ ቆጠራ አንድ መጨመር ወይም መጉደል።* 6 × 4ን በአራት በአራት ሲቆጥር 20 ወይም 28 ላይ የሚቆም ልጅ ስንት ጊዜ እንደዘለለ ጠፍቶበታል። በእያንዳንዱ ዝላይ አንድ ጣት እንዲያነሣ ይነገረው።

*የቁጥር ቤትን መሳት።* 23 × 4ን 812 ብሎ የሚጽፍ ተማሪ 3 × 4 = 12 እና 2 × 4 = 8 መሆኑን በትክክል አውቋል፤ የሳተው 2ቱ ሃያ መሆኑን ነው። ቁጥሩን 20 እና 3 ብሎ ከፍሎ 20 × 4 = 80፣ 3 × 4 = 12፣ በድምሩ 92 እንዲያደርስ ማሳየት ይገባል። በተጨማሪም አስቀድሞ እንዲገምት ማለማመድ ይጠቅማል፤ 23 ከ25 ስለሚያንስ አራት እጥፉ ከ100 ማነስ እንዳለበት ያሰበ ልጅ 812 ሲወጣ ራሱ ይጠራጠራል።

ስሕተት ሲታይ ወዲያው ትክክለኛውን መልስ ከመንገር በፊት «እንዴት እንደደረስህበት አስረዳኝ» ወይም «እንዴት እንደደረስሽበት አስረጂኝ» ማለት ይመረጣል። ልጁ ሲያስረዳ ስሕተቱ የት ላይ እንዳለ ይታወቃል፤ ብዙ ጊዜም ራሱ ያርመዋል።

7. ማስፈራራትና ቅጣት

የማባዛት ሠንጠረዥ በአለንጋና በቁንጥጫ ሲጠና መኖሩ የሚታወቅ ነው። ይህ አሠራር በሕግም በትምህርት ውጤትም ተቀባይነት የለውም። የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋማት ውስጥ ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል።

ከትምህርት አንጻርም ቢሆን የፈራ ልጅ የሚያውቀውን እንኳ ይረሳል። ሐሳቡ በጥያቄው ላይ ሳይሆን በሚከተለው ቅጣት ላይ ያርፋል። ውሎ አድሮም «ሒሳብ የእኔ ትምህርት አይደለም» የሚል እምነት ያድርበታል፤ ይህንን እምነት በላይኛው ክፍል ማስለወጥ ሠንጠረዡን ከማስጠናት እጅግ ይከብዳል። «ሒሳብ ለሴት ይከብዳል»፣ «አባቱም ሒሳብ አይችልም ነበር» የሚሉ አነጋገሮችም ተመሳሳይ ጉዳት ስላላቸው በልጁ ፊት ሊነገሩ አይገባም። በሰዓት እየለኩ ማሽቀዳደምም መልሶቹን ገና ላልያዘ ልጅ አይመከርም።

8. የተለየ ድጋፍ የሚሹ ተማሪዎች

ልጁ በቂ ልምምድ እያደረገ ለረጅም ጊዜ መሻሻል ካላሳየ ምክንያቱን መመርመር ያስፈልጋል። በመጀመሪያ የሚታየው ዓይኑና ጆሮው ነው፤ ሰሌዳው በደንብ የማይታየው ወይም የመምህሩ ድምፅ የማይሰማው ልጅ ሰነፍ ተደርጎ ሊቆጠር ይችላል። ጥርጣሬ ካለ በአቅራቢያ በሚገኝ የጤና ተቋም ማስመርመር ተገቢ ነው። አንዳንድ ሕፃናት ደግሞ በሌላው ትምህርት ጎበዝ ሆነው ቁጥርን ብቻ ለመረዳት የተለየ ችግር ሊኖርባቸው ይችላል። ለእነዚህ ልጆች በሚዳሰሱ ነገሮች የሚሰጠው ትምህርት ለረዘመ ጊዜ እንዲቀጥል፣ የሠንጠረዡንም ቅጂ እያዩ እንዲሠሩ መፍቀድ ይረዳል። ማየት ለተሳናቸው ተማሪዎች ጠጠርና ጥራጥሬ በረድፍ ተደርድሮ በእጅ እየተዳሰሰ ሥዕሉን ሊተካ ይችላል።

በተለያየ ምክንያት ከትምህርት ገበታ ተለይተው የቆዩ ወይም በዕድሜ ከፍ ብለው የጀመሩ ልጆችም በዚሁ ቅደም ተከተል ይማራሉ። በገበያና በሥራ ያካበቱት የስሌት ልምድ ስላለ ከሌሎቹ ፈጥነው ሊያልፉ ይችላሉ፤ ደረጃዎቹን ግን መዝለል አይመከርም።

9. ተደጋግመው የሚነሡ ጥያቄዎች

*ልጁ በጣቱ ቢቆጥር ይከልከል?* አይከልከል። ጣት የመጀመሪያ ደረጃ መሣሪያ ነው። ልጁ ከሚያውቀው ብዜት ተነሥቶ መድረስ ሲለምድ ጣቱን በራሱ ይተወዋል።

*ልጁ ሠንጠረዡን መቼ አጠናቆ መያዝ አለበት?* የየክፍሉ ዝርዝር ይዘት በመማሪያ መጽሐፉ ተመልክቷል። በአጠቃላይ የብዙ ቤት ቁጥሮችን ማካፈልና የክፍልፋይ ስሌት ከመጀመሩ በፊት እስከ 10 × 10 ያለውን ቢይዝ ቀጣዩ ትምህርት ይቀልለታል።

*በስልክ ወይም በሒሳብ መሥሪያ ማስላት ይጎዳል?* ልጁ መልሱን አስቀድሞ ካሰላ በኋላ ለማረጋገጫ ቢጠቀምበት አይጎዳም። ከማሰቡ በፊት ከተጠቀመ ግን ሠንጠረዡን አይዝም።

*በቤት የሚነገረውና በትምህርት ቤት የሚነገረው ቋንቋ ቢለያይስ?* ትርጉሙን ልጁ በሚገባ በሚሰማው ቋንቋ ማስረዳት ይቻላል። የቁጥር ስሞችንና የትምህርቱን ቃላት ግን በሁለቱም ቋንቋ እንዲያውቃቸው ማድረግ ያስፈልጋል።

*ማካፈል መቼ ይጀመር?* ከማባዛት ጎን ለጎን ቢቀርብ ይመረጣል። 3 × 4 = 12ን የተማረ ልጅ በዚያው ቀን 12ቱን ጠጠር ለሦስት ሰው እኩል ቢያካፍል ሁለቱን በአንድነት ይይዛል።

10. ድጋፍ የሚጠየቅባቸው ቦታዎች

ልጃቸው በማባዛት ትምህርት እየተቸገረ መሆኑን የተረዱ ወላጆችና አሳዳጊዎች የፈተና ጊዜ ወይም የዓመቱ መጨረሻ እስኪደርስ ሳይጠብቁ በሚከተለው ቅደም ተከተል ድጋፍ መጠየቅ ይችላሉ።

- በመጀመሪያ የክፍሉን የሒሳብ መምህር ማነጋገር። ሲሄዱ የልጁን ደብተር ይዘው ቢቀርቡና «ልጄ የትኛው ላይ ነው የሚሳሳተው?» ብለው ቢጠይቁ ውይይቱ ፍሬያማ ይሆናል።
- በመቀጠል ለትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ማመልከትና ትምህርት ቤቱ የማጠናከሪያ ትምህርት የሚሰጥ ከሆነ ልጁ እንዲካተት መጠየቅ።
- ችግሩ የብዙ ተማሪዎች ከሆነ፣ ለምሳሌ የመማሪያ መጽሐፍ እጥረት ካለ ወይም የአካል ቅጣት የሚፈጸም ከሆነ፣ በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት በኩል ማቅረብ።
- በትምህርት ቤቱ መፍትሔ ካልተገኘ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ወይም በቃል አቤቱታ ማቅረብ። የልዩ ፍላጎት ትምህርት ድጋፍ የሚያስፈልገው ልጅ ያላቸው ወላጆችም በአካባቢያቸው ስላለው አገልግሎት ከዚሁ ጽሕፈት ቤት መረጃ መጠየቅ ይችላሉ።

ጥያቄው በቶሎ ሲቀርብ መፍትሔው ቀላል ይሆናል። በሦስተኛ ክፍል በጥቂት ሳምንታት የቤት ልምምድ ሊሞላ የሚችል ክፍተት በስድስተኛ ክፍል ሲደርስ ከክፍልፋይ፣ ከመቶኛና ከሌሎች ይዘቶች ጋር ተደራርቦ ስለሚገኝ ለማቃናት ብዙ ጊዜና ድካም ይጠይቃል።